ቺንኩዌ ቴሬን በእግር ለምታስቡ፦ ስለ ሙቀት፣ ስለ ውሃና ስለ ጾም

ይህን የምጽፈው በተለይ አውሮፓ ለምትኖሩና በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከአገር ቤት እንግዳ ለምትቀበሉ ነው። እናት፣ እህት ወይም አክስት ትመጣለች። ደስ የሚላት ቦታ ልትወስዷት ታስባላችሁ። ገደል ላይ የተሰቀሉ ባለ ቀለም ቤቶችና ከሥራቸው ሰማያዊ ባሕር ፎቶ ላይ ታያላችሁ፤ «እንሂድ» ትላላችሁ። እኔም ታላቅ እህቴን ይዤ የሄድኩት እንዲሁ ነው። ቦታው ከፎቶውም ይበልጣል። ግን እህቴን መንገድ ላይ ላጣት የደረስኩበት ሰዓት ነበር። ሌላ ሰው ያንን ሰዓት እንዳያይ ስለምፈልግ የሆነውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ቺንኩዌ ቴሬ በሰሜን ምዕራብ ጣልያን፣ በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ የተደረደሩ አምስት መንደሮች ናቸው። ከሰሜን ሲነሱ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ይባላሉ። ተራራው ቀጥ ብሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ ደርድረው እርከን ሠርተዋል፤ ወይንና ወይራ ተክለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እህቴ ከባቡሩ ወርዳ እርከኖቹን ስታይ መጀመሪያ ያለችው «ይሄማ ኮንሶ ነው!» ነው። እውነቷን ነው፤ የኮንሶም የድንጋይ እርከን በ2011 እዚያው መዝገብ ላይ ገብቷል።

መንደሮቹ በባቡር ሲኬድ በደቂቃዎች ነው የሚራራቁት። በእግርም ቢሆን ካርታ ላይ ቅርብ ናቸው። ከሞንቴሮሶ ቬርናዛ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከቬርናዛ ኮርኒሊያም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እህቴ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የምትወጣ ጠንካራ ሴት ናት። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር በላይ 200 ሜትር አካባቢ መሆኑን ስነግራት ሳቀች። «ለዚህ ነው እንዴ ጫማ የምንገዛው?» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ካርታው የማይናገረውን ልንገራችሁ። መንገዱ ደረጃ ነው። የድንጋይ፣ ያልተስተካከለ፣ አንዳንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ደረጃ። ከሞንቴሮሶ እንደወጣችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ሽቅብ ይጠብቃችኋል። ቬርናዛ ስትደርሱ ያንኑ ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። በቦታ በቦታ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ለማሳለፍ ግንብ ተደግፎ መቆም ግድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወበቁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ላብ ወዲያው ይደርቃል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። ሊጉሪያ በነሐሴ እንደዚያ አይደለም። አየሩ እርጥበት የተሸከመ ስለሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይበርድም። ድንጋዩ ከሥር፣ ፀሐዩ ከላይ ይግላል። ስለዚህ «ደጋ ላይ ተራራ እወጣለሁ» የሚል ሰው ሳንባው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀቱን ግን አልለመደም። ሙቀት ለመልመድ ሰውነት ቀናት ይፈልጋል። እህቴ ከአውሮፕላን ከወረደች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እህቴ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ውሃም አትቀምስም። ይህን አውቃለሁ። ቤታችን እንዲያ ነው ያደግነው። ግን ጾሙን ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬ አላሰብኩትም። ቲኬት፣ ማደሪያ፣ ባቡር ሳስብ ነው የከረምኩት።

ከሞንቴሮሶ የተነሳነው ጠዋት 3 ሰዓት አልፎ ነው። በነሐሴ ያ ሰዓት ረፍዷል። አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መግቢያው ላይ የከፈልንበትን ካርድ ለማሳየት ተሰለፍን፤ ሰልፉ ራሱ ፀሐይ ላይ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው መንገድ ጥሩ ነበር። የወይን እርከን፣ የሎሚ ዛፍ፣ ከታች የሚያብረቀርቅ ባሕር። እህቴ እየቆመች ፎቶ ታነሳለች፤ «ልጆቹ ይህን ቢያዩ» ትላለች። ከላይ ቬርናዛ ድንገት ስትታይ ዝም ብለን ቆምን። ትንሽዬ ወደብ፣ አንድ የግንብ ማማ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ የቆመች ቤተ ክርስቲያን። እህቴ አማተበች።

ቬርናዛ ስንገባ እኩለ ቀን ተቃርቧል። እኔ ከመንደሩ ቧንቧ ውሃ ጠጣሁ፣ ጠርሙሴንም ሞላሁ። እህቴ ፊቷን ብቻ ታጠበች። «እትዬ፣ ትንሽ ተጎንጪ» አልኳት። «አገር ቤት ቅዳሴ ሳይወጣ?» አለችኝ። አልተጫንኳትም።

ባቡር ጣቢያው ከቆምንበት የደቂቃ መንገድ ነበር። ወደ ማደሪያችን ለመመለስ የሚበቃው አንድ ፌርማታ ነው። ያን ቀን ቁርጡ የሚለይበት ቦታ ያ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጉዞው ደስ ብሎን፣ እግራችንም ገና ጉልበት እያለው ማቆም እንችል ነበር። እናንተ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ሰዓታችሁን እዩ። ከ4 ሰዓት ተኩል ካለፈና ወሩ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ከሆነ ባቡር ያዙ። መንገዱ ነገም እዚያው ነው።

እኛ ቀጠልን። ከቬርናዛ ወደ ኮርኒሊያ የሚወስደው መንገድ አወጣጡ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥላም እምብዛም የለውም። ከፊቴ ስትሄድ የነበረችው እህቴ ወደ ኋላዬ ቀረች። መጀመሪያ ወሬዋ ቀነሰ። ከዚያ ግንቡን በእጇ እየያዘች መሄድ ጀመረች። ዞር እያልኩ «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» ትለኛለች። ይህን መልስ አትመኑት። የእኛ ሰው፣ በተለይ ታላቅ የሆነ፣ ለታናሹ «ደከመኝ» አይልም። ቃሉን ትታችሁ እርምጃውን እዩ።

ፕሬቮ የምትባል ጥቂት ቤቶች ያሏት ሰፈር ከመድረሳችን በፊት ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። እጇን ስይዘው ሙቀቱ እንዲያ እያለ ቀዝቃዛና ርጥብ ነው። «ራሴን አዞረኝ» አለች። ሊያስመልሳት ይታገላታል፤ ሆዷ ባዶ ስለሆነ የሚወጣ ነገር የለም። ባቷን ይዟት ትጮህ ጀመር። ስሟን እየጠራሁ ከማልቀስ በቀር ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር።

ከኮርኒሊያ በኩል የሚመጡ ባልና ሚስት አገኙን። በዕድሜ የገፉ ጣልያኖች ናቸው። ሳይደናገጡ ይዘውን ወደ አንድ ወይራ ጥላ ወሰዱን። አስተኟት። እግሯን ቦርሳ ላይ ሰቀሉት። ጫማዋንና ቀበቶዋን አላሉላት። ሴትዮዋ የእህቴን ነጠላ በውሃ ነክራ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረገችላት፤ ሰውዬው በባርኔጣው ያራግብላታል። ከዚያ ከቦርሳዋ ማዕድን ጨው ያለበት ዱቄት አውጥታ ውሃ ውስጥ በጠበጠች።

እህቴ ዓይኗን ገልጣ «ሰዓት ስንት ነው?» አለችኝ። 9 ሰዓት ሆኗል ብዬ ልዋሻት አስቤ ነበር። አልዋሸኋትም። «ገና ነው እትዬ፤ ግን እባክሽን» አልኳት። ለትንሽ ጊዜ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ነው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨች ጨረሰችው።

ለ112፣ ለአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ልደውል ስል ሴትዮዋ መቼ መደወል እንዳለበት መለያውን ነገረችኝ፤ እኔም ቆይቼ ከሐኪም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሰውየው ላብ ካለው፣ የሚናገረው ትክክል ከሆነና ጥላ ውስጥ ሆኖ ውሃ ሲያገኝ እየተሻለው ከሄደ ሙቀት አድክሞታል ማለት ነው። ይጠበቃል፣ ይታገዛል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ግን ይደወላል። ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ እየጋለ ከሄደ ግማሽ ሰዓት አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚደወለው። ያ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። 112 ስትደውሉ ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው እየሄዳችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ጣልያን ውስጥ ዌር አር ዩ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ለ112 ሲደወልበት ያላችሁበትን ቦታ አብሮ ይልካል። ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑት።

እህቴ ቀስ በቀስ ቀለሟ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ተነስታ እስክትቆም ድረስ አልተለዩንም። ፀሐዩ ጋብ ሲል ከፕሬቮ ወደ ኮርኒሊያ ቁልቁል በቀስታ ወረድን። ኮርኒሊያ ከአምስቱ ባሕር ላይ የማትቀመጥ ብቸኛዋ መንደር ናት፤ ወደ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ቋጥኝ ላይ ነው ያለችው። ጣቢያው ከታች ነው። በመካከሉ ላርዳሪና የሚባል ከ370 በላይ ደረጃ አለ። ደግነቱ መንደሩንና ጣቢያውን የሚያገናኝ ትንሽ አውቶቡስ አለ። በእሱ ወርደን በባቡር ተመለስን።

ማታ እህቴ አዘነች። የታመመችው ሳይሆን ጾሟን ያፈረሰችው ነው የከበዳት። እኔ የምላት አልነበረኝም። አዲስ አበባ ለንስሐ አባቷ ደወለች። እሳቸውም የሆነውን ሁሉ ሰምተው፣ በመንገድ ላይ እስካለች ውሃ እንድትጠጣ፣ ከጠዋትም ትንሽ ቀምሳ እንድትሄድ ፈቀዱላት። የጾሙን ምግብ እንደያዘች ሰዓቱን ብቻ አላሉላት። ስልኩን ዘግታ ረጅም እንቅልፍ ተኛች።

ስለዚህ ጾም ይዛችሁ ለምትጓዙ ከልብ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከመነሳታችሁ በፊት፣ ገና አገር ቤት ሳላችሁ፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። መንገዱን፣ ሙቀቱን፣ ዕድሜያችሁን፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለባችሁ እሱን ጨምራችሁ ንገሯቸው። ሰዓቱን ሳላላላ እጾማለሁ የምትሉ ከሆነም ያ ክብር ነው፤ ግን ያን ቀን ገደሉ ላይ አትውጡ። በባቡርና በጀልባ መንደሮቹን እዩ። ጀልባዎቹ ባሕሩ ከተረጋጋ ከኮርኒሊያ በስተቀር አራቱንም ያዳርሳሉ። መንደሮቹ እንዲያውም ከባሕሩ ላይ ሲታዩ ነው ሙሉ መልካቸው የሚገለጠው።

ስለ ምግብም ብዙ ሰው ይጨነቃል። አትጨነቁ። ሊጉሪያ ለጾመኛ ምቹ አገር ነው። ፋሪናታ የሚባል ምግብ አላቸው፤ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ ዘይትና ጨው ገብቶበት ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው። እህቴ ስትቀምሰው «ሽሮ በዳቦ መልክ» ብላ በየቀኑ ትጠይቀኝ ጀመር። ፎካቻም ብዙውን ጊዜ በወይራ ዘይት ነው የሚሠራው፤ አንዳንዱ ግን ስብ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። ፔስቶ ላይ ተጠንቀቁ። ቅጠሉን አይታችሁ የጾም ይመስላችኋል፤ ውስጡ አይብ አለው። ለመንገድ ከሁሉ የሚሻለው በሶ ነው። ሚላን ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ስላለ ከዚያ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በሶን በውሃና በጨው በጥብጣችሁ ስትጠጡ ውሃውንም፣ ጨውንም፣ ጉልበቱንም በአንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከፋርማሲ ማዕድን ጨው ያለበት ዱቄትም ያዙ፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል።

በነጋታው የትም አልሄድንም። ሞንቴሮሶ ሰፊ አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ያላት ብቸኛዋ መንደር ናት። እህቴ እግሯን ባሕር ውስጥ አድርጋ ዋለች። ሙቀት ያደከመው ሰው ተሻለኝ ቢልም ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ አለበት። በዚህ አትደራደሩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን እንደ አዲስ ጀመርነው። ማናሮላ ሄደን ከዚያ ወደ ቮላስትራ የሚወጣውን አውቶቡስ ጠዋት ያዝን። ቮላስትራ ከማናሮላ በላይ ተራራው ላይ ያለች መንደር ናት። ከዚያ ወደ ኮርኒሊያ በወይን እርከኖች መካከል ይኬዳል። በእግር ወደ ቮላስትራ የሚወጣ ሰው ገደሉን በደረጃ ነው የሚጋፈጠው። አውቶቡሱ ያንን ድካም በሙሉ ያስቀራል። ከላይ ስትጀምሩ መንገዱ ለረጅም ርቀት ሜዳማ ነው። በስተግራ ባሕሩ ተዘርግቷል፤ በስተቀኝ ወይን። ገበሬዎቹ የወይን ቅርጫት የሚያጓጉዙበት ትንሽ ጋሪ ገደሉ ላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነጠላ ሐዲድ ታያላችሁ። ወደ ኮርኒሊያ ሲቃረብ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ጥላ አለ፤ ግን ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል። እህቴ ሁለት የመንገድ በትር ተከራይታ ነበር፤ እነሱ ባይኖሩ አልወርድም ነበር ብላኛለች። ፀሐይ ሳትበረታ ኮርኒሊያ ደርሰን ፋሪናታችንን በላን። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው መንገድ ይህ ነው። ሕዝብ ይበዛበታል ከተባለው የባሕር ዳር መንገድ ይልቅ ይህንን ነው የምመክራችሁ።

በቀጥታ በባሕሩ ዳር ኮርኒሊያን ከማናሮላ የሚያገናኘው መንገድ በናዳ ምክንያት ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ነው። የድሮ የጉዞ መጽሐፍ አይታችሁ አትመኑት። ከሪዮማጆሬ ማናሮላ ያለው «የፍቅር መንገድ»ም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ2012 ድንጋይ ወርዶ መንገደኞች ከተጎዱ በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ደልዳላ ነው፤ ደረጃ ለማይችሉ እናቶች የተሻለው እሱ ነው። ግን አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝና ተጨማሪ መክፈል ያስፈልጋል። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ጠዋት ጠዋት በብሔራዊ ፓርኩ ድረ ገጽ ወይም ጣቢያዎቹ ውስጥ ባሉት የፓርኩ ቢሮዎች ጠይቁ።

ካርዱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ለእግር መንገዱ ነው፤ ባቡር የለውም። ሌላው ከመንደሮቹ ግራና ቀኝ ባሉት በሌቫንቶና በላ ስፔዚያ ከተሞች መካከል ያለውን ባቡር ይጨምራል። ዋጋው እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከእንግዳ ጋር ከሄዳችሁ ባቡር ያለበትን ግዙ። ባቡሩ ተከፍሎበታል ካላችሁ በደከማችሁ ጊዜ «ትንሽ እንቀጥል» አትሉም፤ ዘላችሁ ትገባላችሁ። የወረቀት ካርድ ከሆነ ባቡር ከመግባታችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ምቱት፤ አለበለዚያ ቅጣት አለው።

ጫማ ላይ አትለሳለሱ። በሲሊፐርና በክፍት ጫማ የሚወጡ ሰዎች እየወደቁ ስላስቸገሩ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2019 በገንዘብ እንደሚቀጣ አስታውቋል። ሶሉ የማያንሸራትት የተዘጋ ጫማ በቂ ነው፤ ውድ መሆን የለበትም። ግን እንግዳችሁ አገር ቤት ሳለች ገዝታ ትለማመደው። ውሃ በመንደሮቹ ውስጥ ከቧንቧ በነጻ ይገኛል። በመንደርና በመንደር መካከል ግን ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ። ለአንድ ሰው ከአንድ ሊትር ተኩል ያላነሰ ተሸከሙ። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፤ ለፀሐይም፣ ነክሮ ለመጠቅለልም ይሆናል።

ከቻላችሁ ደግሞ ነሐሴን ተዉት። በተለይ ኦገስት 15 የጣልያኖች ትልቅ በዓል ስለሆነ መንደሮቹ ይጨናነቃሉ፤ የባቡሩ መድረክ ላይ መቆሚያ ይጠፋል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው አየር ለእኛ ሰው ይስማማል። መስከረምም ጥሩ ነው፤ ወይን የሚለቀምበት ወር ነው።

ጥቅምትን የምትመርጡ ካላችሁ ዝናቡን አክብሩት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 በሰዓታት ውስጥ የወረደ ዝናብ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ሞልቷቸዋል፤ ሰውም ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የአየር ማስጠንቀቂያው ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ የእግር መንገዶቹ ይዘጋሉ። ሰማዩ ጠራ ብላችሁ ገመዱን አልፋችሁ አትግቡ። ያን ቀን በባቡር ላ ስፔዚያ ሂዱ፤ ከተማውን እዩ፣ ፋሪናታ ብሉ። እህቴ በሚቀጥለው የምትመጣው በግንቦት ነው፤ የቀረንን የሪዮማጆሬን መንገድ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነስተን ለመጀመር ተስማምተናል።